የትምህርት ቤቱ ሒሳብ በደጁ ይለጠፍ



ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የገንዘብ አወጣጥ ያለኝን አሳብ ለአንባብያን አቀርባለሁ። ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ሹም ጉዳይ አይደለም። ልጁን ጧት ደብተር አስይዞ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚልክ አባትና እናት ሁሉ ጉዳይ ነው።

መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ እንደሚሰጥ ሁሉም ያውቃል። ገንዘቡ በምን ላይ እንዲውልና በምን ላይ እንዳይውል የሚወስን መመሪያ መኖሩን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። መመሪያውን አንብቦ የተረዳው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂቱ ነው። በዚህ በድሬዳዋ በአስተማሪነት በቆየሁበት ዘመን ከወላጆች ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ። «የልጄ ውጤት ለምን ዝቅ አለ?» ይሉኛል፤ «መጽሐፍ ለምን አልደረሰውም?» ይሉኛል። «ዘንድሮ ለትምህርት ቤቱ ስንት ብር መጣ? በምንስ ላይ ዋለ?» ብሎ የጠየቀኝ ወላጅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይህም ወላጆች የገንዘብ ነገር የማይገዳቸው ሆነው አይደለም። በቀፊራ ገበያ የቲማቲም ዋጋ ሲጨምር ሳይከራከር የሚከፍል የድሬ ሰው የለም። የትምህርት ቤቱን ሒሳብ የማይጠይቁት መጠየቅ መብታቸው መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ለልጆች ትምህርት ተብሎ በስም የተለየ ገንዘብ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ገንዘቡ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ ለአጠባበቁም በየአገሩ የትምህርት ቦርድ እንዲቋቋም ተደርጎ ነበር። የዚያን ጊዜው ሥርዓት ጉድለት ነበረበት፤ ባላገሩም በግብር ብዛት ይማረር እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሆኖም ሁለት ቁም ነገር ይዞ ነበር። አንደኛው፣ ለልጆች የተሰበሰበ ገንዘብ ከሌላው ገንዘብ ጋር አይቀላቀል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ የተሰበሰበበት አገር በአወጣጡ ላይ ዐይን ይኑረው የሚል ነው። እነዚህ ሁለት አሳቦች ከዚያ ወዲህ በመጣው መንግሥት ሁሉ ስማቸው ቢለዋወጥም አልጠፉም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መንግሥት እስከ 10ኛ ክፍል ላለው ትምህርት ገንዘብ ለመመደብ ቅድሚያ እንዲሰጥ አደረገ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎና ስለ ፋይናንስ አንድ መመሪያ አውጥቶ ወላጆች በትምህርት ቤቱ ጉዳይ እንዲገቡ በር ከፈተ። ነገር ግን ለትምህርት የሚመደበው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ፣ ለወንበር ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነበር። ይህን ጉድለት ለማቃለል በ2001 ዓ.ም. የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች በረዱት በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ውስጥ የትምህርት ቤት ድጎማ የሚባለው ገንዘብ ተጀመረ። ገንዘቡ የሚሰላው የተማሪው ቁጥር ተቈጥሮ፣ እንደ ክፍሉም ደረጃ እየታየ፣ በነፍስ ወከፍ ነበር። እንግዲህ በአሳቡ ሲታይ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ የመጣ ገንዘብ አለው ማለት ነው።

መመሪያው የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ራሱን ይመረምራል፤ ጉድለቱን ለይቶ የ3 ዓመት ዕቅድ ያወጣል፤ ከዚያም የየዓመቱን ዕቅድ ያዘጋጃል። ሥራው በአራት ርእስ ይከፈላል። እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹና ጤናማ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ እንዲሁም የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። ገንዘቡ የሚወጣው በዚህ ዕቅድ መሠረት ሲሆን ሚዛኑ ወደ መማር ማስተማር እንዲያደላ ይፈለጋል። ደመወዝ አይከፈልበትም። ዕቅዱንም በልማድ ወመኅ የምንለው የወላጅና የመምህራን ኅብረት ተመልክቶ ያጸድቀዋል።

በበኩሌ ይህ ደንብ ማለፊያ ነው እላለሁ። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ አንዳች የማይቀርለት ትምህርት ቤት አስተማሪ ይኖረዋል እንጂ ትምህርት አይኖረውም። ሽቦና አምፖል ሳይኖረው ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር የፊዚክስ አስተማሪ ወንዝ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ዋና በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚያስተምር ሰው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ተለይቶ መቀመጡ፣ በርእስ በርእሱ መከፈሉ፣ ወላጅም እንዲያየው መታዘዙ ሁሉ ትክክል ነው።

ሆኖም ደግ ደንብ ማውጣትና የደንቡ ፍሬ ለልጁ እንዲደርስ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እኔ እንደማየው ከሆነ ደንቡ ደረሰኙን በሚገባ ይጠብቃል፤ ልጁን ግን አይጠብቅም። ይህንም ያልሁበትን ምክንያት በምሳሌ ላስረዳ።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በግንቦት ከቀትር በኋላ የቆርቆሮ ጣራ ባለው ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ተማሪ ውኃ ቅንጦት አይደለም። በማውቀው በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መጠጫ ቧንቧ ተሰበረ። ጥገናው ለአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ነገር ግን የሰፈሩ ባለሙያ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ ያለው ድርጅት ደግሞ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ መምጣት አይፈልግም። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ተባለ፤ ኮሚቴ ይቀመጥ ተባለ፤ ወጪው በየትኛው ርእስ እንደሚያዝ ይጣራ ተባለ። ነገሩ እስኪያልቅ ሁለት ወር አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት ልጆቹ ከቤታቸው በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ያልያዘው ከያዘው ይለምን ነበር። በልጃገረዶቹ መጸዳጃ ቤትም ውኃ ስላልነበረ አንዳንዶቹ በወር ውስጥ ጥቂት ቀን ከትምህርት ይቀሩ ጀመር። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ መርማሪው መጥቶ መዝገቡን ሲያየው አንዳች ጉድለት አላገኘበትም። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች አሉ፤ ቃለ ጉባዔው አለ፤ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 በሥርዓቱ ተሞልተዋል። በወረቀቱ ላይ የጐደለ ነገር የለም። የጐደለው የልጆቹ ውኃ ነው፤ እርሱ ደግሞ በሞዴል አይመዘገብም።

ይህን ስል ዲሬክተሩን ለመውቀስ አይደለም። ደንቡን ትቶ የሰፈሩን ባለሙያ ጠርቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ከደመወዙ እንዲቈረጥ ይደረግ ነበር። ሒሳብ መርማሪውም ቢሆን የታዘዘውን ሥራ ሠራ። ሁሉም ሥራውን ሠርቶ ልጁ ውኃ ሲያጣ ግን ከሰዎቹ ይልቅ አሠራሩ መመርመር አለበት።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ገንዘቡ በሐምሌና በነሐሴ ቢደርስ ኖሮ መስከረም ሲጠባ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ በቆየ ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ አንዳንድ ጊዜም የትምህርቱ ዓመት ከተጋመሰ በኋላ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሰኔ 30 ሳይመጣ ጨርሱት የሚል ጥድፊያ ይጀመራል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳልና። በዚህ ጊዜ ዲሬክተሩ የሚያስፈልገውን ሳይሆን በሱቅ የተገኘውን ይገዛል። በመጋቢት ጠፍቶ የነበረው ጠመኔ በሰኔ በካርቶን ይመጣል፤ ተማሪው ግን ያን ጊዜ ተፈትኖ ቤቱ ገብቷል። ዕቃ ግምጃ ቤት ሄዶ ላየ ሰው ለቤተ ሙከራ የተገዛው ዕቃ ሳይፈታ፣ መጽሐፉም ከነማሰሪያው ተቀምጦ ማግኘት እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መክሊቱን ቀብሮ ስላስቀመጠው አገልጋይ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ያ አገልጋይ አልሰረቀም፤ የተቀበለውን ሳያጐድል መለሰ፤ ጌታው ግን አላመሰገነውም። የእኛም የሒሳብ ሥርዓት ሰው ካልሰረቀ ይበቃል የሚል ይመስላል። ለልጆቹ ግን አለመሰረቁ ብቻ አይበቃም፤ በጊዜው ሊሠራበት ይገባል።

ሦስተኛው ነገር የወላጆች ኅብረት ነው። በመመሪያው ላይ ኅብረቱ የገንዘቡ ጠባቂ ነው። በሥራ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ፈራሚ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዕቅዱ በቢሮ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሰብሳቢው ከሱቁ ወይም ከሥራው ተጠርቶ ይመጣል፤ ቃለ ጉባዔው ይቀርብለታል፤ «እዚህ ላይ ይፈርሙልን» ይባላል፤ ይፈርማል። ሰውየው ቅን ሰው ነው፤ አስተማሪን ያከብራል፤ የቀረበለትንም ወረቀት መጠራጠር ነውር ይመስለዋል። በዚህም የተነሣ ገንዘቡን እንዲጠብቅ የተመረጠው ሰው ስንት ብር እንደ መጣ ሳያውቅ ዘመኑን ይፈጽማል።

እንግዲህ ለእነዚህ ሦስት ሕመሞች እኔ የማቀርበው መድኃኒት አንድ ነው፤ ዋጋውም የአንድ ሰሌዳና የጥቂት ወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ በደጁ ላይ ይለጠፍ።

ይህ የምኞት ነገር እንዳይመስል ከሌላ አገር አንድ ማስረጃ ላምጣ። በኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከደመወዝ ውጭ ላለ ወጪ፣ በተማሪ ቁጥር እየታሰበ ገንዘብ ይመድብ ነበር። ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሶን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ250 ትምህርት ቤቶች የተደረገውን ምርመራ መሠረት አድርገው ሲያሰሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ድረስ ከተላከው ገንዘብ ውስጥ በአማካይ ለትምህርት ቤቶቹ የደረሰው ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው በመንገድ ላይ፣ በወረዳ ሹማምንት እጅ ቀረ። የኡጋንዳ መንግሥት ይህን በሰማ ጊዜ ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ ቀላል ነበር። ለየወረዳው የተላከው ገንዘብ መጠን በጋዜጣ እንዲወጣ፣ ለየትምህርት ቤቱም የደረሰው በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2001 በተደረገው ምርመራ ለትምህርት ቤቶች የሚደርሰው ከመቶ 80 በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን ሌላም ማሻሻያ አብሮ ተደርጎ ነበርና ለውጡ ሁሉ የጋዜጣውና የሰሌዳው ሥራ ነው አልልም። ነገር ግን ወላጅ ስንት እንደ ተላከ ሲያውቅ፣ የተላከውን ገንዘብ በመንገድ ማስቀረት እንደሚያስቸግር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ደንብ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ኬንያ ታስተምረናለች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ነጻ ስታደርግ ለእያንዳንዱ ተማሪ 1,020 ሽልንግ መድባ፣ 650 ሽልንጉን ለመጽሐፍና ለትምህርት መሣሪያ፣ 370 ሽልንጉን ለጥገናና ለሌላ ወጪ በሁለት የባንክ ሒሳብ ለይታ አስቀመጠች። ከዚህ የጠራ ደንብ ለማውጣት ያስቸግራል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 ከትምህርቱ ገንዘብ ብዙ መጥፋቱ ተገልጦ የውጭ ለጋሾች እርዳታቸውን አቆሙ። ሁለት ሣጥን ማዘጋጀት ሌባን ሁለት ቁልፍ እንዲሠራ ያደርገው ይሆናል እንጂ አይመልሰውም። ሌባን የሚመልሰው በሣጥኑ ዙሪያ የሚቆመው ባለቤት ነው።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ደንግጓል። በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራምም ወረዳዎች በጀታቸውን ተራ ሰው ሊረዳው በሚችል መልክ በአደባባይ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። እኔ የምለው ይኸው ልማድ ከወረዳው ቢሮ ግድግዳ ወደ ትምህርት ቤቱ ደጅ ይውረድ ነው። ወላጅ ወደ ወረዳ የሚሄደው ጉዳይ ሲኖረው ብቻ ነው፤ በትምህርት ቤቱ ደጅ ግን ልጁ በየቀኑ ያልፋል።

በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ዘንድሮ ስንት ብር ተፈቀደ? ስንት ብር በምን ቀን ደረሰ? በአራቱ ርእሶች እንዴት ተከፈለ? በዚህ ሩብ ዓመት ምን ተገዛ፣ በስንት? አሁን በእጅ ያለው ስንት ነው? እነዚህ አምስት መስመሮች ይበቃሉ። ከተቻለም የገንዘቡ ጠቅላላ ድምር ለተማሪው ቁጥር ተካፍሎ ለአንድ ልጅ ስንት እንደሚደርስ ይጻፍ፤ ትልቅ ቁጥር ለማየት ያልለመደ ወላጅ የልጁን ድርሻ ግን ወዲያው ይረዳዋልና።

ይህ ሰሌዳ ከላይ የጠቀስኋቸውን ሦስት ሕመሞች እንዴት እንደሚፈውስ አንባቢ ልብ ይበል። ቧንቧ ተሰብሮ በእጅ ገንዘብ እንዳለ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈ፣ ወላጆች ራሳቸው መጥተው «ለምን አይጠገንም?» ይላሉ። የዘገየው ደንቡ ከሆነ ዲሬክተሩ ወላጆቹን ይዞ ወደ ትምህርት ቢሮ ሄዶ ለትንንሽ ጥገና የቀለለ ሥርዓት እንዲፈቀድ መጠየቅ ይችላል፤ ዛሬ ግን ብቻውን ቢጠይቅ ለራሱ ጥቅም ያሰበ ይመስላል። ገንዘቡ የደረሰበት ቀን በአደባባይ ከተጻፈ፣ በየካቲት የላከው ክፍል ለምን በመስከረም እንዳልላከ ይጠየቃል። የኅብረቱ ሰብሳቢም ከመፈረሙ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ይላል፤ የፈረመበት ነገር ነገ ጎረቤቱ በሚያልፍበት ደጅ እንደሚለጠፍ ያውቃልና።

ስለ ድሬዳዋ ሁለት ነገር ለብቻ እጨምራለሁ። በዚህ ከተማ ልጆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይማራሉ። ስለዚህ ሰሌዳው በትምህርት ቤቱ የሚሠራባቸውን ቋንቋዎች ሁሉ መያዝ አለበት። በአንድ ቋንቋ ብቻ የተለጠፈ ሒሳብ ለሌላው ወላጅ እንደ ተደበቀ ሒሳብ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የድሬዳዋ አስተዳደር ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 416/1996፣ ከተማይቱና በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ሰጥቷል። ትእዛዝ ከሩቅ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። ትምህርት ቢሮው ነገ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሊያዝዘው ይችላል። ከተማችንም ሰፊ አገር አይደለችም፤ ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ፣ ከከዚራ እስከ መልካ ጀብዱ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ በጥቂት ቀን ዞሮ ማየት ይቻላል። በዚህ ነገር ድሬዳዋ ለሌሎች ምሳሌ ብትሆን ይገባታል።

በመጋላ ነጋዴዎች ዘንድ አማና የሚባል የከበረ ቃል አለ። በአማና የተቀበለውን ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ሁሉ አውጥቶ ያሳያል፤ ባለቤቱ «አሳየኝ» ቢለው አይቈጣም። የትምህርት ቤቱም ገንዘብ በዲሬክተሩ እጅ ያለ የልጆች አማና ነው።

አሳቤን የሚቃወሙ ሰዎች የሚሉትን አስቀድሜ እገምታለሁ። አንዳንዶቹ «ወላጅ ሒሳብ አያውቅም፤ ባልገባው ነገር እየመጣ ያውከናል» ይላሉ። በገበያ ቆሞ የኩንታልን ዋጋ በኪሎ እየመነዘረ የሚሸጥ ሰው ሒሳብ አያውቅም ማለት ስሕተት ነው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ባሉበት፣ ይልቁንም በገጠሩ ቀበሌዎች፣ ሒሳቡ በየሩብ ዓመቱ በስብሰባ ላይ በድምፅ ይነበብ። ተማሪዎችስ ቢሆኑ አባቶቻቸውን እጃቸውን ይዘው ወደ ሰሌዳው ወስደው ቢያነቡላቸው ከዚህ የተሻለ የሒሳብና የግብረ ገብ ትምህርት ከየት ይመጣል?

ሌሎቹ «ገንዘቡ እኮ ጥቂት ነው፤ ለዚህ ትንሽ ነገር ምን ያስጮኻል?» ይላሉ። ገንዘቡ ጥቂት መሆኑን አልክድም፤ ዕቃ በተወደደበት በዚህ ዘመንማ ከጥቂትም አንሷል። ነገር ግን ጥቂትነቱ ሰሌዳውን ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። ወላጅ ገንዘቡ ጥቂት መሆኑን በዐይኑ ካላየ፣ ትምህርት ቤቱ ብዙ ገንዘብ ተቀብሎ የበላበት ይመስለዋል። እውነቱን ሲያይ ግን ከሐሜት ይልቅ ወደ እርዳታ ያዘነብላል። እኔ የማውቃቸው ብዙ ዲሬክተሮች ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሒሳባቸው ስላልታየ ብቻ የሚታሙ አሉ። ሰሌዳው ሌባውን እንደሚያጋልጥ ሁሉ ቅኑን ሰው ከሐሜት ያድነዋል።

ይህም በተለይ ለመዋጮ ነገር ይጠቅማል። በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ለትውልድ የተባለውን እንቅስቃሴ ጀምሮ ሕዝቡ በገንዘብ፣ በዕቃና በጉልበት ትምህርት ቤቶችን እንዲያሻሽል ጥሪ አድርጓል። ጥሪው ደግ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ነገር ግን ሰው ያለፈውን መዋጮ ፍሬ ሳያይ ሁለተኛ እጁን አይዘረጋም። ከመንግሥት የመጣውም ከወላጅ የተሰበሰበውም በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ ግን በተለየ መስመር ይጻፍ። እንዲሁም መዋጮ ያልቻለ ወላጅ ልጅ ከክፍል ወይም ከምዝገባ እንዳይከለከል፣ መዋጮው በፈቃድ መሆኑ እዚያው በግልጽ ይጻፍ።

ነገሩ ለምን እንደሚያስቸኩል ለማስታወስ ሁለት ቁጥር ብቻ ልጥቀስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ያህሉ። የዚህ ውድቀት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሰሌዳ ብንለጥፍ ነገ ሁሉም ያልፋል የሚል የዋህነት የለኝም። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ቤተ ሙከራ በስም እንጂ በዐይናቸው አይተው አያውቁም። ለእነርሱ ተብሎ የመጣው ጥቂት ብር በጊዜው፣ በሚገባው ነገር ላይ መዋሉን ማረጋገጥ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ፈቃድ ብቻ ይጠይቃል።

እንግዲህ ልመናዬን ላጠቃልል። የድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ እያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳቡን በየሩብ ዓመቱ በደጁ እንዲለጥፍ ይዘዝ፤ ለትንንሽና ለአስቸኳይ ጥገናም የቀለለ የግዢ ሥርዓት እንዲፈቀድ ከገንዘብ ክፍሉ ጋር ይምከር። የገንዘብ ክፍሉ የትምህርት ቤቶችን ድርሻ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ይላክ። የወላጆች ኅብረት አባሎች ያላነበቡትን አይፈርሙ። ባልደረቦቼ አስተማሪዎችም «ይህ የቢሮ ጉዳይ ነው» ብለን ከመራቅ ይልቅ በክፍላችን የጐደለውን በጽሑፍ እናስታውቅ፤ ዕቅዱ በእኛ ዝምታ ምክንያት የወረቀት ዕቅድ ሆኖ እንዳይቀር።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁን ስታደርሱ ከደጁ ላይ ጥቂት ቁሙና ሰሌዳውን ፈልጉ። ከሌለ «የት አለ?» ብላችሁ በትሕትና፣ ግን ሳትታክቱ ጠይቁ። ገንዘቡ የልጆቻችሁ ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ካልመጣ ግን እንደ ሌላ ሰው ገንዘብ ሆኖ ይቀራል።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ
ከድሬዳዋ